ከጉታ አንገት የወረደው ድንጋይ

አስር ሰዓት ላይ አቶ ሙሐዲን መኪና ይዘው ይመጣሉ። እስከዚያ መተኛት አለባት፤ «ትንሽ ጋደም በይ ልጄ፣ ቢሮ ነው የምንገባው፣ ፊትሽ አይክፋ» ብለዋታል፣ እሷም እንደታዘዘች ልጅ ጋደም ብላለች፣ ግን ከተማው በሙሉ በሚተኛበት በዚህ ሰዓት የማይተኛ አንድ ሰው ቢኖር መነን ናት። የጫቱ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ካለፈ ቆይቷል። ሻጮቹ እርጥብ ጆንያቸውን ጠቅልለው፣ ወንዶቹ እስራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ሱቆቹ የቆርቆሮ መዝጊያቸውን ወደ ታች ስበው፣ የጅቡቲው ካርቲየ ሰባት ሰፈር ጸጥ ብሏል፤ ውሻ እንኳን አይጮህም። መብራት የለም። ቬንቲላተሩ ጣሪያው ላይ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል፣ እሷም ከሥሩ ተንጋልላ ታየዋለች፣ ሐምሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ የጣውላውን ግድግዳ በአሸዋ ይፍቀዋል፣ በሩን ይገፋዋል፣ ይተወዋል፣ እንደገና ይገፋዋል። በሩ አይከፈትም። መወርወሪያው ከተሰበረ ወራት አልፎታል፣ ባሏ ወሰኑ «ዓርብ እሠራዋለሁ» ይል ነበር፣ ዓርብ ሲመጣ ደግሞ «የሚመጣው ዓርብ»፣ አሁን ዓርቦቹ ይመጣሉ፣ ወሰኑ የለም፣ በሩን ከውስጥ የያዘው ድንጋዩ ነው።

ድንጋዩን ማየት አትፈልግም። ታየዋለች። የዚህ አገር ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ድሮ ምድር የተፋችው ዓይነት፣ የሰው ራስ ያህላል። አንዱ ጎኑ ከብዙ ጎማ ጋር ተፋትጎ ልስልስ ብሏል፤ በሌላው ጎኑ እንዳይጠፋ ተብሎ የተቀባ ሰማያዊ ቀለም አለ። ወሰኑ ይሠራበት የነበረው የመኪኖች ግቢ ድንጋዮች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ይህንን ከወሰኑ ነው የምታውቀው፤ ማታ ሲገባ መዳፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይኖር ነበር፣ እሷም በጋዝ ትጠርግለት ነበር፣ ይስቃል፣ «ተይው፣ ነገም አለ» ይላታል።

ተኝቶ ነበር አሉ። መጀመሪያ የሰማችው መሞቱን ነው ወይስ ተኝቶ እንደነበር? አሁን መለየት አቅቷታል፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡ፣ በአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ፤ «ወሰኑን ተሳቢ ገጨው፣ ከሥሩ ተኝቶ ነበር»፣ እሷም በዚያች ሰዓት የሰው ቤት በረንዳ ላይ አንሶላ እያሰጣች ነበር፣ እና የመጀመሪያ ሐሳቧ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ አንሶላው መሬት እንዳይነካ ነበር። ወደቡ ጀርባ ያለው የጭነት መኪኖች ግቢ ጥላ የለውም። ሾፌሮቹም ጫኞቹም በዚህ በድን ሰዓት ከተሳቢዎቹ ሥር ገብተው ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ ተኝቶ ነበር ሲባል ማንም አልጠየቀም። ወሰኑ ግን ከጎማ ሥር አይተኛም። «ከብት ነኝ እንዴ» ይል ነበር። ሥራው መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ከኋላ ቆሞ ማየት፣ እጁን እያወዛወዘ መምራት፣ ሲቆም ታኮ ማድረግ ነው፤ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ሸጎጥ፣ በእግሩ መታ መታ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ስምንት ዓመት ድንጋይ ከጎማ ሥር የሸጎጠ ሰው ጎማ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ጎማ ሥር ራሱን አያስቀምጥም። ይህን ለሰዎቹ ትላቸዋለች፣ በልቧ። በልቧ ብዙ ትናገራለች። ሰዎቹ የሉም፣ ቬንቲላተሩ ነው ያለው።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ነው። የቤቷ ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፣ ጎረቤቷ ነጃት ከጨርቅ ሱቋ ወንበር አምጥታለች፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፣ ሙቀቱ ያው ነው፣ እና ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፣ ሦስት ናቸው፣ መሃል ላይ አቶ ሙሐዲን፣ የድሬዳዋ ሰው፣ ወሰኑ ይሠራበት ለነበረው የጭነት ድርጅት ጉዳይ የሚያስፈጽሙ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ መሀረባቸውን በጣታቸው ይዘው። ከኋላቸው ጉታ። ጉታን ታውቀዋለች፤ ተሳቢውን ይነዳ የነበረው እሱ ነው፣ ገና ጢሙ ያልሞላ የአሰበ ተፈሪ ልጅ፣ ዓርብ ዓርብ እዚህ ቤት ይበላ ነበር፣ እጁን ሲታጠብ ውሃ እያንቦጫረቀ ቤቱን ያርሳል፣ እሷ ትቆጣዋለች፣ «እትዬ መነን፣ ውሃ እኮ ባሕሩ ውስጥ ሞልቷል» ይላታል። አሁን አንገቱን ደፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ላይ ተሸክሞ በጉልበቱ ይገባል። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋረጡ። ሸራው ይንደቀደቃል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ስለ ፈጣሪ» አሉ፣ ሌላው «ያለቀ ነገር ነው ልጄ፣ እጁ እንጂ ልቡ አልገደለም» አሉ፣ አቶ ሙሐዲን ያዩዋት ነበር። እሷ ግን የምታየው የልጁን ማጅራት ነው። ድንጋዩ ቆዳውን ልጦታል፣ ላብና ደም ተደባልቆ ወደ አንገትጌው ይወርዳል፣ ዝንብ አርፎበታል፣ እጁ ስለተያዘ ዝንቡን ማባረር አይችልም። ለዚያ ዝንብ ነው የተነሳችው። ብዙ ጊዜ አስባበታለች፤ ለይቅርታ አልነበረም የተነሳችው፣ ለእግዚአብሔርም አልነበረም፣ ዝንቡን ልታባርርለት ነበር፣ ከተነሳች በኋላ ግን ሁሉም ሰው እጇን አየ፣ እጇም ወደ ድንጋዩ ሄደ።

ድንጋዩ ከበዳት። ጎንበስ ብላ ስታነሳው አፏ ከጆሮው አጠገብ ሆነ፣ ጆሮዋም ከአፉ አጠገብ፣ ጉታም ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ለእሷ ብቻ፣ «ነቅቶ ነበር እትዬ። ይሄንን ይዞ ነበር» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጫጫታ ነው። «ተባረኪ» አሉ፣ «አሜን» አሉ፣ ወንዶቹ ጉታን ከመሬት አነሱት፣ እግሯን ሳመ፣ አቶ ሙሐዲን ድንጋዩን ከእጇ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ፣ እሷ አልሰጠቻቸውም። ለምን እንዳልሰጠቻቸው አታውቅም። ይሄንን ይዞ ነበር። ይዛው ገባች፣ ውሃ ማሰሮው አጠገብ አኖረችው፣ በማግስቱ ንፋሱ በሩን ሲያስቸግራት ወደ በሩ ገፋችው። ጉታ ያንን ዕለት ማታ ወደ አገሩ ተሸኘ ተባለ። ማን እንደሸኘው አልተባለም።

ስልኩ ይጮሃል። አይደለም፣ ያ ያኔ ነው፤ አሁን ስልኩ ትራሷ ሥር ዝም ብሏል። ያኔ የጮኸው ከድሬዳዋ ነው፣ እማማ አልጋነሽ ናቸው፣ የወሰኑ እናት፣ ስልክ ሲይዙ ያለ ስልክም ማዶ ድረስ የሚሰሙ ያህል የሚጮሁ ሴት፣ ያን ቀን ግን ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። ልጃቸውን አላዩትም። በዚህ ሙቀት ሬሳ አይቆይም፣ እዚሁ ተቀበረ፣ እሳቸው የደረሳቸው ወሬው ብቻ ነው።

«መነን፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ።»

«ይጠይቁኝ እማማ።»

«ከዚያ የመጡ ሰዎች እዚህ ያወራሉ። ተኝቶ ነበር ይላሉ። ጫት ደፍቶት ተኝቶ ነበር ይላሉ። እውነት ነው?»

አላውቅም አለቻቸው። ይህን ነው ያለችው። አላውቅም እማማ፣ እኔ አልነበርኩም። ድንጋዩ እግሯ ሥር እያለ። ምን ትበል፣ ነቅቶ ነበር ብትል፣ ማን ነገረሽ ይሏታል፣ ጉታ ብትል፣ ጉታ ታዲያ ነቅቶ የቆመን ሰው ገጨው ወይ ይባላል፣ ይቅር ያለችውን ልጅ በአፏ ወደ ወህኒ ልትሰደው ነው፤ ድንጋይ ያነሳች ሴት መልሳ አትጭንም፣ ያደገችበት እንዲህ ነው፣ ከእርቅ በኋላ ነገሩን የሚያነሳ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይባልም እንጂ ከዚያ አይሻልም። መስመሩ ሲንኳኳ ይሰማል። አሮጊቷ «እሺ ልጄ» አሉና ዘጉ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው እንደዚያ እንደ ድሮው ጮክ ብሎ አያውቅም። ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ቀበሩት፣ አንዴ ሞተ ተብሎ፣ አንዴ በራሱ ጥፋት ሞተ ተብሎ፣ ሁለተኛውን ጉድጓድ የቆፈረችው መነን ናት።

«አልተኛሽም አይደል» ይላል ግድግዳው።

ነጃት ናት። የሁለቱ ክፍል አንድ ጣውላ ነው የሚለየው፤ ነጃት ከጣውላው ማዶ፣ የጨርቅ ጣቃዎቿ መሃል፣ እሷም ሳትተኛ።

«ተኝቻለሁ» ትላታለች መነን።

«አቦ፣ የተኛ ሰው እንደ አንቺ አይገላበጥም። አልጋው እኮ ያሳብቅብሻል።»

«ምን ሰዓት ሆነ?»

«ገና ነው። ለምን ትጠይቂያለሽ፣ ሰውየው ሲመጣ ጥሩምባ አይነፋም?» ከዚያ ነጃት ቀስ ብላ፣ «መነን። ልትሄጂ ነው?»

የሚመለስ ነገር ቢኖራት ኖሮ ትተኛ ነበር።

ወደ ጠበቃው የወሰደቻት ነጃት ናት። ከዚያ በፊት ደግሞ በራሷ የሄደችበት አለ፣ እሱን ስታስታውስ በዚህ ሙቀት ይበርዳታል። መሃል ከተማ፣ ቅስት ካለባቸው ነጫጭ ሕንፃዎች ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠ፣ መነጽር ያለው፣ ሰዎች «አቮካ» የሚሉት፣ ጠበቃ ማለት ነው በነሱ ቋንቋ፣ አማርኛውም ሽቅርቅር ያለ። ገና ስሟን ሳትነግረው «የወሰኑ ሚስት» አላት። ሻይ አዘዘላት። ነገሩን ሁሉ ነገረችው፣ ጉታ በጆሮዋ ያላትን ብቻ አስቀረች፣ ለምን እንዳስቀረችው አታውቅም፣ ድንጋዩን ለአቶ ሙሐዲን ያልሰጠችበት እጅ ይሆናል አፏን የያዘው። ማታ ለነጃት ስታወራላት ነጃት እጇን ከጨርቁ ላይ አነሳች።

«ጥቁር ቀሚስ አይተሽበታል?»

«የምን ቀሚስ?»

«ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ቀሚስ አለው። ስሙ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከጠበቆቹ ጋር ተለጥፏል። አንቺ ያገኘሽው ደላላ ነው እህቴ፣ ለድርጅቶቹ ነው የሚሠራው። ለቅሶ ቤት ላይ እንደ መዥገር ይጣበቃል። ምን ነገርሽው?»

በማግስቱ አቶ ሙሐዲን መጡ፣ ከጎረቤት አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዘው፣ እንዲሁ ለመጠየቅ። «ከተማ ወጥተሽ ነበር አሉ» አሉ፣ ብርቱካን እየላጡላት። «ጥሩ ነው፣ አየር መቀበል ጥሩ ነው።»

እውነተኛው ጠበቃ ኒዛር ይባላል። ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ ወደቡን ያያል፣ ክሬኖቹ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። የጅቡቲ ሰው ነው፣ ፈረንሳይኛው እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ነጃት ላስተርጉም ብላ ስትነሳ ግን በእጁ አስቀመጣት፣ አማርኛ ይችላል። ሕፃን ሆኖ ያሳደገችው የቤት ሠራተኛ የወሎ ሴት ነበረች፣ አማርኛው የሷ ነው፣ ከዚያ አላደገም፤ አንቱ ማለት አያውቅም፣ የሕግ ቃል የለውም፣ የሚያውቀው ልጅ የሚያባብሉበትን ብቻ ነው፣ እና ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ከረባት ያሰረ ሰው «ነይ ቁጭ በይ፣ አታልቅሺ፣ ጎሽ፣ ውሃ ጠጪ» ሲላት ወሰኑ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስቅ ነበር። ሒሳቤን በኋላ እናወራለን አላት፣ አሁን ስሚ።

«ተኝቶ ነበር ይላሉ። ለምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ?»

«ስሙን ለማጥፋት።»

«ስሙ ምን ይሠራላቸዋል። ስሚ። ተኝቶ ከነበረ ሥራ ላይ አልነበረም። ሥራ ላይ ካልነበረ እነሱ የሉበትም። ራሱ ነው ያጠፋው፣ አለቀ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ነቅቶ ከነበረ፣ እየሠራ ከነበረ፣ መኪናው ደግሞ የተበላሸ ከነበረ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ ወደ ላይ ይወጣል። ገባሽ?»

ገባኝ አለችው። ከዚያ የፈራችውን ተናገረች፤ ይቅር ብያለሁ፣ ድንጋይ አንስቻለሁ፣ ሰው ሁሉ አይቷል፣ አሁን መክሰስ እችላለሁ ወይ። ኒዛር ግንባሩን ቋጠረ፣ ድንጋይ የሚለው እንዳልገባው ተሰማት፣ ነጃት በፈረንሳይኛ አስረዳችው፣ ማጅራቷን በእጇ እያሳየች። ሲገባው ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ድንጋዩን የተሸከመው ማነው?»

«ጉታ።»

«ድርጅቱስ? ድርጅቱ ተሸክሞ መጣ?»

መነን ክሬኖቹን ነበር የምታየው።

«ይቅርታ ሌላ፣ ካሳ ሌላ» አላት። «እንደ ገንፎና እንደ ሽሮ። ገንፎውን ስለበላሽ ሽሮው አልቀረብሽም። ግን አንድ ነገር። ሥራ የሚቆጣጠረው ቢሮ ሄደሽ፣ ከድርጅቱ ጋር ታርቄያለሁ፣ ምንም አልፈልግም፣ ባሌ ተኝቶ ነበር ብለሽ በአፍሽ ከተናገርሽ፣ እኔ ልከፍተው አልችልም። ማንም አይከፍተውም። ይዘውሽ ሊሄዱ ይመጣሉ። ሲመጡ አትሂጂ። እሺ በይ።»

እሺ አለች። ጉታ በጆሮዋ ያላትንና ድንጋዩ ቤቷ እንዳለ ነገረችው፣ ጉታስ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችው፣ ኒዛርም ልጅ እንደማይዋሽ ሁሉ ሳይዋሽ፣ «እሱም ሊጠየቅ ይችላል» አላት። «መኪናው መበላሸቱን ለአለቃው ነግሮ ከነበረ ግን የሚጠየቀው አለቃው ነው። ግን መምጣት አለበት። ያለ እሱ ያንቺ ድንጋይ ድንጋይ ነው። ከሱ ጋር ግን ይናገራል።»

ጉታ ደወለ። ይህ ሐሙስ ነው፣ ወይም ረቡዕ፣ ጋላፊ ድንበር ላይ ከአንድ ሻይ ቤት፣ ከኋላው ከባድ መኪኖች ያጓራሉ፣ ድምፁ ይመጣል ይሄዳል። «እትዬ። አላስቻለኝም።» ፍሬኑ አየር እያፈሰሰ ነበር፣ ጠዋትም ለአለቃው ነግሮታል፣ ዛሬን ብቻ ነድተህ ቦታው አቁመው ተብሏል፣ ወሰኑ መኪናው ሲንሸራተት አይቶ ድንጋዩን ይዞ ሮጠ፣ ከጎማው በፊት ሊደርስ፣ አልደረሰም። «እኔንም ለማዳን ነው የሮጠው፣ ከኋላዬ ግንብ ነበር፣ ከግንቡ ሥር ሰዎች ተኝተው ነበር፣ እነሱንም ለማዳን ነው።» ታለቅሳለች። ጉታ አያለቅስም። «አንገቴ ላይ ያንን ድንጋይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ሌላ ድንጋይ ሰጥተውኝ ነበር፣ በር ላይ ጣልኩት። አስቀመጥሽው?» አለ አለችው። «እመጣለሁ እትዬ። ለኔ አትፍሪ። ቢያስሩኝም ከዚህ ይሻላል፣ እንቅልፍ የለኝም።» ዓርብ እመጣለሁ አላት። ዓርብ። ወሰኑም እንዲሁ ነበር የሚለው።

ዓርብ መጣ፣ ጉታ አልመጣም። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም፤ ያቺ የስልክ ድርጅቱ ሴት በፈረንሳይኛ ትናገራለች፣ ከዚያ በአረብኛ ትናገራለች፣ በሁለቱም ያው ነው። መደወሉን ለነጃት እንኳን ሳትነግራት፣ ትናንት አቶ ሙሐዲን መጥተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ መሀረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ «ጉታ ደውሎልሽ ነበር አሉ» አሏት።

«ማን አለ?»

«ሰው አይጠፋም። ልጁ ጭንቅላቱ ተነክቷል ልጄ። ያየው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ቀን አንድ ነገር ይላል፣ አንድ ቀን ሌላ። አሁን በደህና ቦታ ነው፣ ያርፋል።»

«የት?»

«በደህና ቦታ።» ፈገግ አሉ። ክፉ ፈገግታ አይደለም፣ ይህ ነው የሚያስፈራት፤ አባቷ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ፈገግታ ነው። «አንቺም ማረፍ አለብሽ። የመኖሪያ ፈቃድሽ በባልሽ ሥራ ነው የወጣው፣ ባልሽ ደግሞ ነፍሱን ይማረውና የለም። አንድ ቀን አንዱ ፖሊስ መንገድ ላይ ያስቆምሽና፣ ደስ አይልም። ነገ አስር ሰዓት መጥቼ ቢሮው እወስድሻለሁ፣ ታርቄያለሁ ትያለሽ፣ አምስት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ማታ ወደ ድሬ የሚወጣ መኪና ላይ ከፊት ጋቢና አስይዤልሻለሁ፣ አማትሽ ጋ ትገቢያለሽ። ለቅሶ ከዘመድ ጋር ነው።» ሲነሱ በሩ ጋ ቆሙ። ድንጋዩን አዩት። አጎንብሰው አዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «ይሄንን እስካሁን አልጣልሽውም? የእርቅ ድንጋይ ቤት ውስጥ አይቀመጥም እኮ፣ ሜዳ ነው የሚጣል። ልውሰድልሽ።»

«በር ይይዝልኛል» አለች።

«በር የሚይዝ ሌላ አመጣልሻለሁ።»

«ይሄኛውን ለምጄዋለሁ።»

አቶ ሙሐዲን መሀረባቸውን አጠፉ፣ «ነገ ይዘነው እንሄዳለን፣ መንገድ ላይ እንጥለዋለን» አሉና ወጡ፣ እሷም በሩን ዘግታ ድንጋዩን መልሳ ገፋችው፣ በሁለት እጇ፣ ቀለሙ መዳፏ ላይ እንደማይቀር እያወቀች መዳፏን አየች።

ንፋሱ ቆሟል። መቼ ቆመ? እንቅልፍ ወስዷት ነበር ወይ፣ አልወሰዳትም፣ ቬንቲላተሩ እንደቆመ ነው። በዚህ ዝምታ ውስጥ የምታስበው ጉታን ነው፣ በደህና ቦታ ያለውን፤ ይህን ቃል በአፏ ስትለው ጥርሷ ይገጥማል። ከሄደች፣ በአፏ ተኝቶ ነበር ካለች፣ ምናልባት ይለቁታል፤ የሚናገረው ነገር ዋጋ ስለማይኖረው ይለቁታል። ካልሄደች ምን ያደርጉታል? ጉታ ግን እንቅልፍ የለኝም ብሏል። እንቅልፍ የሌለው ሰው ምን እንደሚፈልግ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል። በዚህ አልጋ ላይ ሆና ሚዛኑን ስታነሳ ስታወርድ የቆየችው ለሁለት ሕያዋንና ለአንድ ሙት ነው፣ ሙቱ ሁልጊዜ ቀልሎ ይወጣል፣ ሙት ስለማይጠይቅ። የሚጠይቁለት አንዲት አሮጊት ናቸው፣ እሳቸውንም ዝም አሰኝታቸዋለች።

ስልኩን ከትራሷ ሥር ታወጣለች። ድሬዳዋ ላይም ሙቀት ነው፣ እማማ አልጋነሽም በዚህ ሰዓት አይተኙም፣ በሁለተኛው ጥሪ አነሱ።

«እማማ፣ መነን ነኝ።»

«ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ምንም አልሆንኩም። ያን ቀን የጠየቁኝን ልመልስልዎ ነው።» ድንጋዩን እያየች ቀጠለች። «ወሰኑ ተኝቶ አልነበረም። ድንጋይ ይዞ ወደ መኪናው እየሮጠ ነበር። ሰው ከኋላ ስለነበረ።»

መስመሩ ይንኳኳል። የሚቋረጥ መሰላት። ከዚያ አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱ፣ እንደ ሸክም አውራጅ።

«ሮጠ» አሉ። «ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነው። ሳያስብ ይሮጣል።» ከዚያ ቆይተው፣ በቁጣም አይደለም፣ «ያኔ ታውቂ ነበር?» አሏት።

«አውቅ ነበር።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሏትም፣ አላልኩሽም አላሏትም። «ተጠንቀቂ» ብለው ዘጉ፣ ድምፃቸው ግን ጮክ ያለ ነበር፣ ድሬዳዋን በሙሉ የሚያሰማ፣ ያ የድሮው።

መነን ወደ ግድግዳው ትዞራለች። «ነጃት።»

«አለሁ። ሰምቻለሁ። ጣውላ ነው እኮ።»

«ለጠበቃው ደውዪለት። አልሄድም በይው። ድንጋዩን ይዤ እየጠበቅኩት ነው በይው። ጉታ ያለበትን ማፈላለግ የሚችል ካለ ዛሬ ያፈላልግልኝ።»

«ወላሂ እስከ አሁን ጣቴ ስልኩ ላይ ነው» አለች ነጃት፣ ማዶ ላይ የስልኩ ቁልፎች ሲነኩ ይሰማል፣ ከዚያ በፈረንሳይኛ ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች። መነን ተቀመጠች። ነጠላዋን አጣፋች። ጫማዋን አደረገች። ለመሄድም ላለመሄድም ጫማ ያስፈልጋል።

መኪናው ቀድሞ መጣ። አስር አልሆነም፣ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፣ መንገዱ ላይ የሚያይ ሰው የለም፣ እና መኪናው ከሰዓቱ በፊት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ሞተሩን አላጠፋም። የሁለት ሰው ኮቴ ወረደ። አንደኛው የአቶ ሙሐዲን ነው፣ ቀስ ያለ፣ ሌላውን አታውቀውም፣ ከባድ ነው። ከጣውላው ማዶ ነጃት ንግግሯን አቋረጠች።

«መነን፣ ልጄ። ተነስተሻል?»

ጥላቸው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ገብቶ ድንጋዩን ነካው።

«ዕቃሽን ተይው፣ ልጁ ያወጣልሻል። ነይ እንሂድ፣ ሙቀት ነው።» በሩ ተገፋ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ንፋሱ። አልተከፈተም። ያ የአባት ድምፅ ወደ ጣውላው ተጠግቶ፣ «ድንጋዩን አንሺውና ክፈቺ» አላት።

«አንዴ አንስቼዋለሁ፣ አቶ ሙሐዲን» አለች።

ሞተሩ ይሠራል። ከዚያ በሩ እንደገና ተገፋ፣ በዚህ ጊዜ በእጅ አይደለም፣ በትከሻ፣ በከባዱ ሰውዬ፤ ድንጋዩ ሲሚንቶውን እየጫረ አንድ ጣት ያህል ተንሸራተተ። መነን ወደ ኋላ አላለችም። ወሰኑ ያደርግ እንደነበረው በእግሯ መታ መታ አደረገችው፣ ልስልሱ ጎኑ ከበሩ ጋር እንዲገጥም፣ እግሯንም እዚያው ተወችው።

ድንጋዩ ያዘ።